የአሮጌ መኪና ሞተር በራስ እጅ መቀየር፦ ከባዱ ሥራ የት ነው ያለው?

ሞተር ማውረድ እንደሚፈራው ከባድ ሥራ አይደለም። የሞተር ክሬን፣ የተሟላ ቁልፍና አንድ አስተዋይ ረዳት ያለው ሰው የአሮጌ መኪና ሞተር በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያወርዳል። አሮጌ መኪና ለዚህ ትመቻለች። ኮፈኗ ሲከፈት ሁሉም ነገር ይታያል፣ እጅም ያስገባል። ሰው ተስፋ ቆርጦ ሥራውን የሚተወው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ሞተር ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ግን የዘይት ኮፓው የመሪውን ዘንግ ይነካል፣ ራዲያተሩ አይበቃም፣ የተንጠለጠለው ሽቦ ደግሞ የት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ስለ ሞተር ቅየራ ስናወራ ዋናው ጉዳይ ሞተሩ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ከመኪናዋ ጋር የሚገናኝባቸው ቦታዎች ናቸው፦ የሚቀመጥባቸው የጎማ መያዣዎች፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ነዳጁ፣ ውሃው፣ ጭስ ማውጫው፣ ሽቦው፣ ፍሬኑ። እነዚህን ቀድሞ የቆጠረ ሰው ሥራውን ይጨርሳል። በኔ እምነት ሥራው የሚቀለውም የሚከብደውም ሞተሩን በምትመርጡበት ቀን ነው። ቁልፍ ስታነሱ ነገሩ ተወስኗል።

ሞተሩ ለመኪናዋ ምን ያህል እንግዳ ነው?

ቀላሉ ቅየራ ያንኑ ዓይነት ሞተር መልሶ መግጠም ነው። ዘይት የሚበላው ይወርዳል፣ ተመሳሳይ ኮድ ያለው ይገባል። ሁሉም ቡሎን ቦታውን ያገኛል። የመጀመሪያችሁ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ። ብዙ ትማራላችሁ፣ መኪናዋም ቶሎ መንገድ ላይ ትወጣለች።

ቀጥሎ የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ይመጣሉ። የቶዮታን የኤል ቤተሰብ ዲዝሎች እንውሰድ። 2ኤል 2.4 ሊትር፣ 3ኤል 2.8፣ 5ኤል ደግሞ 3.0 ሊትር ነው። ውስጣቸው ቢለያይም ውጪያቸው በጣም ይቀራረባል። ከ2ኤል ወደ 3ኤል መሻገር የሚወደደው ለዚህ ነው። ግን ቤተሰብ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የኤ ቤተሰብ ቤንዚኖችን እዩ። 4ኤ 1.6 ሊትር፣ 7ኤ 1.8 ሊትር ነው። የሁለቱም ሲሊንደር ስፋት 81 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ የመጣው ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ርቀት ከ77 ወደ 85.5 ሚሊ ሜትር ስላደገ ነው። ለዚያ ሲባል የ7ኤ ብሎክ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል) ራሱ ከፍ ብሏል። ብሎኩ ከፍ ሲል ከላዩ የሚከደነው ቴስታታ ከፍ ይላል። ቴስታታው ከፍ ሲል ደግሞ አየር ማስገቢያውም ጭስ ማውጫውም ቦታ ይቀይራሉ። በወረቀት ላይ ትንሽ የምትመስል ልዩነት ኮፈን ስር ሌላ ነገር ትሆናለች።

ከዚያ ያለፈው ጨርሶ እንግዳ የሆነ ሞተር ነው። እዚህ ያልጠበቃችሁት ነገር ይመጣል። የሆንዳ ቢ ሞተሮች ከብዙዎቹ ሞተሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚዞሩት። እ.ኤ.አ. በ2001 የመጣው ኬ ሞተር ግን እንደሌሎቹ ይዞራል። ኬ ሞተር አሮጌ ሆንዳ ውስጥ ሲገባ መቀመጫው ወደ ሌላኛው ጎን ይዞራል፣ ካምቢዮውም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የድሮዎቹ መያዣዎች አያገለግሉም። ይህን ያላወቀ ሰው ሞተሩን በክሬን አንጠልጥሎ ግራ ሲጋባ ይውላል።

እንግዳ ሁሉ አይገጥምም ማለቴ ግን አይደለም። ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከጄነራል ሞተርስ የአንድ አልሙኒየም ቪ8 ሞተር መብት ገዛ። ያ 3.5 ሊትር ሞተር በ1973 ኤምጂቢ የተባለችው ትንሽ ስፖርት መኪና ውስጥ ገባ። ከቀድሞው 1.8 ሊትር የብረት ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር አይከብድም ነበር። መጠኑ እጥፍ ሆኖ ክብደቱ ባለመጨመሩ የፊት ሞላዎቹ ላይ አዲስ ጫና አልመጣም። ሞተር ስትመርጡ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ክብደቱን ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው። ፊቷ የከበደ መኪና መሪዋ ይከብዳል፣ ፍሬን ስትይዙ አፍንጫዋን ትደፋለች፣ ኩርባ ላይ አልታጠፍ ትላለች።

ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ ሕጉን ጠይቁ። በብዙ አገሮች የሞተር ቁጥር በመኪናዋ ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ሞተር ሲቀየርም ማሳወቅና ማስመርመር ግዴታ ነው። የሞተር መጠን ወይም የነዳጅ ዓይነት ሲቀየር ጥያቄው ይበዛል፣ ኢንሹራንሱም መስማት ይፈልጋል። ያልተመዘገበ ሞተር ያላትን መኪና መሸጥ መከራ ነው። ስለዚህ የሞተሩን የግዢ ወረቀት ከነቁጥሩ ያዙ።

ቀጥሎ፣ ከቻላችሁ ሞተር ብቻውን አትግዙ። የተጋጨች ወይም የማትፈለግ ሙሉ መኪና ግዙ። መሬት ላይ የተጋደመ ሞተር ርካሽ ይመስላል። ከዚያ ሞተሪኖው የለም፣ ዲናሞው የለም፣ ቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ሌላ ነው፣ ሽቦው በፒንሳ ተቆርጧል። እያንዳንዷን ለብቻ ስትፈልጉ ወራት ይሄዳል። ሙሉ መኪና ካላችሁ ግን ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሄዳችሁ ታያላችሁ። ይህ ቱቦ የት ይገባ ነበር? ያቺ ሶኬት ከምን ጋር ትያያዛለች? መልሱ እዚያው ቆሟል። ከሁሉም በላይ ሞተሩን ሳታወርዱ አስነስታችሁ ታደምጡታላችሁ።

ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን የሚነግራችሁ ቀለሙ ሳይሆን ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ሲታመቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው። በቤንዚን ሞተር ላይ እንዲህ ይለካል። ሞተሩ ይሞቃል። የነዳጁና የካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ኤሌክትሪክ ይቋረጣል። ካንዴላዎቹ በሙሉ ይወጣሉ። አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጦ ሞተሪኖውን ያዞራል፣ ሌላው በካንዴላው ቀዳዳ ያሰረውን መለኪያ ያነባል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ከአራት እስከ ስድስት ምት ይበቃል። ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ባለው መሀል ያሳያል። ትክክለኛው ልክ ግን የሞተሩ ማኑዋል ላይ ያለው ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ደግሞ መቀራረቡን እዩ። በከፍተኛውና በዝቅተኛው ሲሊንደር መሀል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ካለፈ ጥያቄ አለ።

አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ ትንሽ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ ድገሙት። ዘይቱ በፒስተኑና በግድግዳው መሀል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍናል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። ካልተነቃነቀ ጥፋቱ ወደ ቫልቩ ወይም ወደ ቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መሀል ያለው ማሸጊያ) ያመለክታል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ብዙውን ጊዜ በመሀላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ዲዝል ከሆነ መለኪያውም አሠራሩም ሌላ ነው፤ ግፊቱ በጣም ስለሚበልጥ የቤንዚኑን መለኪያ አትጠቀሙ።

ማውረድ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የባትሪውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ ፍቱ። ነዳጅ በግፊት የሚሠራ ከሆነ ግፊቱን አስተንፍሱ። ውሃውንና ዘይቱን አፍስሱ። የአየር ማቀዝቀዣውን ኮምፕሬሰር ቱቦዎቹን ሳትፈቱ ወደ ጎን አሳርፉት፤ ጋዙ መውጣት ካለበት መሣሪያው ያለው ባለሙያ ያውጣው። ሶኬት ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ከነቀላችሁ በኋላ ምልክት ለጥፉ። ቡሎኖችን በየክፍላቸው በተጻፈበት ከረጢት አስቀምጡ።

ስለ ክሬኑ ግን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። "2 ቶን" ተብሎ የተጻፈበት ክሬን 2 ቶን የሚያነሳው ክንዱ ሲያጥር ብቻ ነው። ክንዱ እስከ መጨረሻው ሲረዝም አቅሙ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ቶን ይወርዳል። ሞተርና ካምቢዮ አንድ ላይ ሲወጡ ደግሞ ክንዱ የሚረዝምበት ጊዜ ነው። ክንዱ ላይ በየቀዳዳው የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አትተዉ፣ መደገፊያ አስገቡ። ከተንጠለጠለ ሞተር ስር እጅም እግርም አይገባም። "ለአንድ ሰከንድ ነው" የሚባል ነገር የለም።

ሞተሩ ውጪ እያለ የኋላውን ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽገውን)፣ የውሃ ፓምፑን፣ ቺንጋዎቹንና የፍሪሲዮኑን ሸራ ቀይሩ። ዛሬ የደቂቃዎች ሥራ የሆነው ነገር ሞተሩ ከገባ በኋላ የቀናት ሥራ ነው።

ከካምቢዮው ጋር ማጋጠም

ሞተሩን መጀመሪያ ባዶውን አስገብታችሁ ለኩ። ኮፓው ከፊት መስቀለኛ ብረቱ ጋር ይጋጫል? የመሪው ዘንግ ያልፋል? ኮፈኑ ይዘጋል? ሞተር ነዳጅ ሲሰጠው ዘንበል ስለሚል በዙሪያው እንቅስቃሴውን የሚችል ክፍተት ያስፈልጋል። የሞተር መያዣ ብየዳ ደግሞ በደንብ ለማያውቅ ሰው የሚተው አይደለም። ልኩን እናንተ ውሰዱ፣ ብየዳውን ለባለሙያ ስጡ።

ማርሽ በእጅ የሚቀየርባት መኪና ከሆነች የሞተሩንና የካምቢዮውን መሀል የሚያስተካክሉት ሁለቱ ፒኖች መኖራቸውን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ በድሮው ሞተር ላይ ይቀራሉ። የፍሪሲዮኑን ሸራ በማማከያ ዘንግ መሀል ላይ አስይዙ። የካምቢዮው ክብደት በሸራው ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፤ ሸራው ይጣመማል፣ ማርሽም አልገባ ይላል።

አውቶማቲክ ከሆነች ይህን አንቀጽ ሁለቴ አንብቡት። በፍሪሲዮን ፈንታ የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር ካምቢዮው ውስጥ በአንድ ግፊት አይገባም። እያሽከረከራችሁ ስትገፉት ጥርሶቹ ተራ በተራ ይያያዛሉ፣ እያንዳንዱ ሲይዝም ትንሽ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። መጨረሻ ላይ የሚይዘው የዘይት ፓምፑን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ሳይደርስ "ገብቷል" ይላል። ከዚያ ካምቢዮው ከብሎኩ ጋር ሲገጣጠም ክፍተት ይቀራል። "ቡሎኑ ይስበዋል" ተብሎ ይጠበቃል። ቡሎኑ ይስበዋል፣ ግን ፓምፑን ሰብሮ ነው። ትክክለኛው ምልክት ይህ ነው፦ ካምቢዮው በእጅ ግፊት ብቻ ከብሎኩ ጋር ግጥም ይላል፣ ኮንቨርተሩም ወደ ኋላ ሲገፋ በእጅ በነፃነት ይዞራል። ሞተሩ ላይ ካለው ሰሌዳ ጋርም ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኖረዋል፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5። ካልሆነ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ።

የዲፈረንሻሉን ነገር ደግሞ ብዙዎች ይረሱታል። ዙሪያው 2 ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በደቂቃ 833 ጊዜ ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 4.1 ከሆነና (ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.1 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው) ካምቢዮው አንድ ለአንድ በሚያስተላልፍ ማርሽ ላይ ከሆነ ሞተሩ በደቂቃ 3,400 ጊዜ አካባቢ ይዞራል። እስከ 6,000 ለሚሄድ ቤንዚን ይህ ቀላል ነው። ከ4,000 ብዙ ለማያልፍ የድሮ ዲዝል ግን ጣሪያው ጋ ደርሷል። በ3.4 ዲፈረንሻል ያው ፍጥነት ወደ 2,800 ይወርዳል። ዲዝል አስገብተው "ትጮሃለች፣ አትሮጥም" ሲሉ ሞተሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግም ርዝመቱ ወይም አንግሉ ከተዛባ ክሮቸራዎቹን (የዘንጉን ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች) ይበላል፣ መኪናዋን ያንቀጠቅጣል። ማሳጠርና ባላንስ ማድረግ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው።

ነዳጅ፣ ውሃ፣ ሽቦ፣ ፍሬን

ካርቦራተር ያለው ሞተር ነዳጅ የሚፈልገው ከ0.3 እስከ 0.5 ባር በሚሆን ግፊት ነው። በኢንጀክሽን የሚሠራ (ነዳጁ በግፊት የሚረጭለት) ቤንዚን ሞተር በአብዛኛው 3 ባርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ነው። የድሮው ጎማ ቱቦና ማሰሪያው ለዚህ አልተሠሩም። ከዋለ ካደረ ቱቦው ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑም በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ይረጫል። ለኢንጀክሽን የተሠራ ቱቦና ማሰሪያ ተጠቀሙ። ብዙዎቹ ሞተሮች ወደ ታንከር የሚመልስ መስመርም ይፈልጋሉ። ገንዘብ ለመቆጠብ ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ ቆጥቡ፣ እዚህ ላይ አይሆንም።

ውሃውን በተመለከተ፣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት በግምት አንድ ሦስተኛው በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል በሙቀት መልክ ይወጣል። ጉልበት ሲጨምር ሙቀቱም ይጨምራል። የድሮው ራዲያተር ለድሮው ሞተር ነው የተለካው። ፋኑንም ዙሪያውን ከሚከልለው ፕላስቲክ ጋር ግጠሙት። ክለላው ከሌለ ፋኑ የሚስበው አብዛኛው አየር በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው ሳይሆን በጎን የሚመጣው ነው።

ሽቦው ሰውን የሚያስፈራ ክፍል ነው። የካርቦራተር ሞተር ጥቂት ሽቦ ይበቃዋል። ኮምፒውተር ያለው ሞተር ግን ከነኮምፒውተሩ፣ ከነሙሉ ሽቦውና ከነሴንሰሮቹ መምጣት አለበት። ቁልፏ ቺፕ ያላት መኪና ከሆነች ኮምፒውተሩ ያቺን ቁልፍ ካላወቀ ሞተሩን አያስነሳም። ስለዚህ ቁልፉና አንባቢው አብረው ይምጡ። ነዳጅ መስጫው በገመድ ሳይሆን በሽቦ ከሆነ ፔዳሉም ይምጣ። ሁሉንም ካሰባሰባችሁ ሥራው እንደሚመስለው አይደለም። ከመኪናዋ ጋር በዋናነት የሚያያዙት ሁልጊዜ የሚኖር 12 ቮልት፣ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ 12 ቮልት፣ የሞተሪኖው ትእዛዝ፣ የነዳጅ ፓምፑ ሪሌይና ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ናቸው።

ማሳን አትናቁ። ሞተር በጎማ መያዣ ላይ ስለሚቀመጥ ከመኪናዋ አካል ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ወፍራም የማሳ ገመድ ነው። እሱ ከተረሳ ሞተሪኖው በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ስለሚስብ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ያገኘው የነዳጅ መስጫው ገመድ ወይም የፍሪሲዮኑ ገመድ ሊሆን ይችላል። ቀጭኑ ገመድ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ፔዳሉም ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። "ሞተሪኖው ደከመ" ተብሎ ሦስተኛ ሞተሪኖ ከመገዛቱ በፊት ያንን ገመድ እዩ።

ፍሬኑ ከጉልበቱ ጋር ማደግ እንዳለበት ሁሉም ይናገራል። ብዙ የማይነገረው ፔዳሉን የሚያቀለው የሰርቮ ነገር ነው። የፍሬን ሰርቮ የሚሠራው አየር በመምጠጥ ነው። የቤንዚን ሞተር ይህን ምጥ ከአየር ማስገቢያው ይሰጣል። ዲዝል ግን እንደ ቤንዚን አየሩን የሚያንቅ ነገር ስለሌለው የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልገዋል። በብዙ የጃፓን ዲዝሎች ፓምፑ ዲናሞው ጀርባ ላይ ተገጥሟል። ከቤንዚን ወደ ዲዝል ስትሻገሩ ተራ ዲናሞ ከገጠማችሁ መኪናዋ ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ፍሬኗ ግን እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ይህን ከግቢ ሳትወጡ እወቁት።

ማስነሳት

በመጀመሪያው ቀን አትቸኩሉ። እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን። ነዳጁንና የካንዴላውን ኤሌክትሪክ አቋርጣችሁ የዘይት ግፊት እስኪታይ ድረስ በሞተሪኖው ብቻ በአጭር በአጭሩ አዙሩት። ብሮንዞቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ማረፊያዎች) ዘይት ሳያገኙ ሞተሩ እንዳይነሳ ነው። ከዚያ የነዳጅ ፓምፑን አሠርታችሁ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ በባትሪ መብራት ፍሳሽ ፈልጉ። ንጹሕ ከሆነ አስነሱት። የዘይት ግፊት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካልመጣ ወዲያው አጥፉ።

ሲነሳ ደስታው ልዩ ነው፣ አልክድም። ግን ዓይናችሁ የሙቀት መለኪያው ላይ ይሁን። ውሃው ውስጥ የቀረ አየር አንዱን ቦታ አግሎ መለኪያውን ሊያሳስት ይችላል። ማሞቂያውን ክፈቱት፤ ቀዝቃዛ አየር ብቻ የሚያወጣ ከሆነ አየሩ ገና አልወጣም። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ፋኑ በራሱ ሲነሳና ሲጠፋ እስክታዩ ድረስ ከአጠገቡ አትራቁ።

የመጀመሪያው ጉዞ በቅርብ ይሁን፣ ፍሬኑ በዝግታ ተሞክሮ። ሲመለስ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ውሃውንና ዘይቱን ሙሉ፣ የሞተር መያዣዎቹን፣ የካምቢዮውንና የጭስ ማውጫውን ቡሎኖች በቶርክ ቁልፍ ደግማችሁ ፈትሹ። ሞቆ የቀዘቀዘ አዲስ መጋጠሚያ ሊላላ ስለሚችል ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላም ያንኑ ድገሙት። ዘይቱንም ያኔ ከነፊልትሮው ቀይሩ፤ ፊልትሮውን ቆርጣችሁ ወረቀቱ ላይ የብረት ብናኝ መኖር አለመኖሩን እዩ።